ኦርጋኒክ ልዕለ አስተላላፊዎች እንዴት ተገኙ

የኤሌክትሪክ ምህንድስና ከተጀመረ አንስቶ መሐንዲሶች የሚገለገሉባቸው ቁሳቁሶች በሁለት ጎራ ተለይተው ኖረዋል። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ብርና የመሳሰሉት ብረታ ብረቶች ኤሌክትሪክን እንዲያስተላልፉ፣ ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ሰምና ዘይት የጠጣ ወረቀት ደግሞ እንዲከለክሉ ይመደባሉ። ኬሚስቶች ኦርጋኒክ የሚሏቸው፣ ማለትም በካርቦን አቶም ላይ የተመሠረቱት ውሁዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኙት በሁለተኛው ጎራ ነው። ሽቦ በእነርሱ ይሸፈናል እንጂ ከእነርሱ አይሠራም።

ይህ አመዳደብ ፍጹም አለመሆኑ በማያጠራጥር ሁኔታ የታየው በ1979 መጨረሻ ላይ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከፓሪስ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኦርሴ ከተማ የሚሠሩ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ከኮፐንሃገን የተላከላቸውን መርፌ መሰል ጥቁር ክሪስታል በ12,000 የከባቢ አየር ግፊት ጨምቀው ሲያቀዘቅዙት፣ 0.9 ኬልቪን ላይ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያሳይ የነበረው ተቃውሞ ጠፋ። ክሪስታሉ የኦርጋኒክ ሞለኪውል ጨው ነበር። ኤሌክትሪክ በውስጡ የሚጓዘውም በብረት አቶሞች ላይ ሳይሆን ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከሴሌኒየም በተሠሩ ሞለኪውሎች ላይ ነበር።

ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973፣ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ብሥራት በአሜሪካን አገር ተነግሮ ነበር። ያ ብሥራት አልጸናም፤ የ1979ኙ ግን ጸና። ሁለቱ በምን እንደተለያዩ መመርመር ኤሌክትሮን በእንዲህ ያለ ጨው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለመረዳት ከመርዳቱም በላይ፣ አንድ የመለኪያ ውጤት የተረጋገጠ እውነት ተብሎ ከመቆጠሩ በፊት ምን ማለፍ እንዳለበት ያሳያል።

የላይደን ግኝትና ትርጓሜው

በሆላንድ አገር በላይደን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ በ1908 የሂልየምን ጋዝ ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ ቻሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚሁ ፈሳሽ የቀዘቀዘ ንጹሕ ሜርኩሪ 4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በመለኪያ ሊታወቅ እስከማይችል ድረስ በድንገት ወረደ። ይህ ጠባይ ልዕለ አስተላላፊነት ይባላል። በ1933 ደግሞ ጀርመናውያኑ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ ልዕለ አስተላላፊ የሆነ አካል መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ እንደሚያስወጣ ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁስ ልዕለ አስተላላፊ ነው ለመባል ሁለት ምስክር ያስፈልገዋል፤ አንዱ የተቃውሞው መጥፋት፣ ሌላው የመግነጢሳዊው መስክ መባረር ነው።

ምክንያቱ የታወቀው በ1957 ነው። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በብረት ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሮን በአጠገቡ ያሉትን አዎንታዊ አዮኖች በጥቂቱ ወደ ራሱ ይስባል። አዮኖቹ ከባድ ስለሆኑ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ዘግይተው ነው። ኤሌክትሮኑ ካለፈም በኋላ ያ ሥፍራ ለአፍታ አዎንታዊ ቻርጅ እንደበዛበት ይቆያልና ሁለተኛ ኤሌክትሮን ወደዚያው ይሳባል። በተፈጥሯቸው የሚገፋፉት ሁለት ኤሌክትሮኖች በዚህ ተዘዋዋሪ መንገድ ይጣመራሉ። ጥንዶቹ ሁሉ በአንድ ሥርዓት ስለሚጓዙም አንዱን ነጥሎ ማደናቀፍ አይቻልም፤ ተቃውሞ የሚጠፋው በዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ድርድሩን የሚያስማማው ሽማግሌ ከባዱ አዮን በመሆኑ ጥምረቱ ደካማ ነው፤ ጥቂት ሙቀት ሲያገኝ ይፈርሳል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የታወቀው ከፍተኛው የሙቀት መጠን የኒዮቢየምና የቆርቆሮ ቅይጥ ያስገኘው 18 ኬልቪን ያህል ብቻ ነበር። ልዕለ አስተላላፊ የሆነ ገመድ ውድ በሆነው በፈሳሽ ሂልየም ውስጥ መዘፈቅ ግድ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የ1964ቱ ሐሳብ

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ዊልያም ሊትል በ1964 አንድ ደፋር ጥያቄ አቀረቡ። አስታራቂው ከባዱ አዮን መሆኑ ቀርቶ ከእርሱ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቀለው ሌላ ኤሌክትሮን ቢሆንስ? ሊትል ያሰቡት ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነበር። ኤሌክትሮኖች በሰንሰለቱ ላይ ይሮጣሉ። ከሰንሰለቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ቻርጃቸው በቀላሉ ወዲያና ወዲህ የሚል ቅርንጫፍ ሞለኪውሎች ይንጠለጠላሉ። በሰንሰለቱ ላይ ያለፈው ኤሌክትሮን በቅርንጫፉ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ገፍቶ አዎንታዊ ሥፍራ ትቶ ያልፋል፤ የሚከተለው ኤሌክትሮንም ወደዚያ ይሳባል። ክብደቱ በቀነሰ መጠን ጥምረቱ ስለሚጠነክር፣ ስሌታቸው በወረቀት ላይ ከ2,000 ኬልቪን በላይ የሚደርስ የሙቀት መጠን አስገኘ። ይህ ማለት ቤት ውስጥም ሆነ ፀሐይ ላይ፣ ያለምንም ማቀዝቀዣ፣ ልዕለ አስተላላፊ የሚሆን ቁስ ማለት ነው።

ሐሳቡ ወዲያው ከሁለት በኩል ተቃውሞ ገጠመው። አንደኛው፣ ኤሌክትሮኖች በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚጓዙበት ሰንሰለት ላይ ጥንዶቹ ሁሉ አንድ ሥርዓት ይዘው መቆየት አይችሉም የሚል ነበር። በሰፊ ሜዳ የሚጓዝ ሠራዊት አንድ ወታደር ቢደናቀፍ በጎኑ ያሉት ሰልፉን ይጠብቁለታል፤ በነጠላ ረድፍ የሚሄድ ግን አንዱ ሲሰናከል ከኋላው ያለው ሁሉ ይበተናል። ሁለተኛውን ተቃውሞ ሩዶልፍ ፓይርልስ የተባሉት ሊቅ በ1955 ባሳተሙት መጽሐፍ ቀደም ብለው አመልክተውታል። እርሳቸው እንዳሳዩት ባለ አንድ አቅጣጫ የሆነ ብረት ሲቀዘቅዝ አቶሞቹ እኩል ተራርቀው መቀመጣቸውን ትተው በየተወሰነው ርቀት ይቀራረባሉ። በዚህም ኤሌክትሮኖቹ ይያዛሉ፤ ብረት የነበረው አካልም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ይሆናል።

ሊትል ያሰቡት ሰንሰለት እንደታሰበው ሆኖ ተሠርቶ ልዕለ አስተላላፊ መሆኑ እስከ ዛሬ አልታየም። ቢሆንም ጽሑፋቸው ኬሚስቶችንና የፊዚክስ ሊቃውንትን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ አሰባሰበ። ሁለቱ ወገኖች ከዚያ በፊት እምብዛም አብረው አይሠሩም ነበር።

ኤሌክትሮን የሚረካከቡ ሞለኪውሎች

ኦርጋኒክ ውሁድ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ መቻሉ በ1954 በጃፓን ታይቷል። አካማቱ፣ ኢኖኩቺና ማትሱናጋ የተባሉት ተመራማሪዎች ፔሪሊን የተባለውን ሃይድሮካርቦን ከብሮሚን ጋር ባዋሐዱት ጊዜ የተገኘው ጠጣር ከተለመደው ኦርጋኒክ ውሁድ እጅግ በበለጠ መጠን ኤሌክትሪክ አስተላለፈ። ነገሩ የተመሠረተው በርክክብ ላይ ነው። አንዱ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቀልለዋል፤ ሌላው ለመቀበል ይጓጓል። ሁለቱ ሲገናኙ ኤሌክትሮኑ ከሰጪው ወደ ተቀባዩ ይሻገራል፤ በዚህ የሚፈጠረው ጨው የቻርጅ ርክክብ ጨው ይባላል።

ከተቀባዮቹ ሁሉ ዝነኛው በ1960 በዱፖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተሠርቶ የተገለጸው ቴትራሳያኖኪኖዳይሜቴን፣ ባጭሩ ቲ.ሲ.ኤን.ኪው. ነው። ከሰጪዎቹ ደግሞ ታላቅ ስም ያገኘው አራት የድኝ አቶሞች ያሉት ቴትራታያፉልቫሊን፣ ባጭሩ ቲ.ቲ.ኤፍ. ሲሆን፣ ፍሬድ ዉድልና ባልደረቦቻቸው በ1970 ሠርተውታል። ሁለቱም ሞለኪውሎች ጠፍጣፋ ናቸው። ጨዉ ወደ ክሪስታልነት ሲለወጥ ሰጪዎቹ በአንድ ወገን፣ ተቀባዮቹ በሌላ ወገን፣ እንደ ሳንቲም ቁልል አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ። ከጠፍጣፋው ሞለኪውል በላይና በታች የተዘረጋው የኤሌክትሮን ደመና ከጎረቤቱ ደመና ጋር ስለሚገናኝ ኤሌክትሮኑ በቁልሉ ላይ ሽቅብና ቁልቁል መጓዝ ይችላል። ከአንዱ ቁልል ወደ ጎረቤቱ ቁልል መሻገር ግን እጅግ ይከብደዋል። ክሪስታሉ በዓይን ሲታይ ርዝመትና ስፋት ያለው አካል ቢሆንም ለኤሌክትሮኑ የነጠላ ረድፎች ጥርቅም ነው።

እዚህ ላይ የርክክቡ መጠን ትልቅ ቦታ አለው። እያንዳንዱ ሰጪ አንድ ሙሉ ኤሌክትሮን ቢሰጥ በተቀባዮቹ ቁልል ላይ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ይደርሰዋል። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ጎረቤት ልሂድ ቢል ባለቤት ያለው ቤት ያጋጥመዋል፤ ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉም ሁሉም በየቦታው ተወስኖ ይቀራል። በቲ.ቲ.ኤፍ.ና በቲ.ሲ.ኤን.ኪው. ጨው ግን የሚሻገረው በአማካይ 0.59 ኤሌክትሮን ያህል ብቻ ነው። ባዶ ቤቶች ስላሉ መንቀሳቀስ ይቻላል፤ ጨዉም የብረት ጠባይ ያሳያል።

የ1973ቱ ብሥራት

የዚህ ጨው የብረት ጠባይ በ1973 በሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በጆንስ ሆፕኪንስና በፔንሲልቬኒያ፣ ተገለጸ። በተራ የክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው በቁልሉ አቅጣጫ 500 ሲመንስ በሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ይህ ከመዳብ ከሺህ እጅ አንድ እጅ የማይሞላ ቢሆንም ለኦርጋኒክ ውሁድ ተሰምቶ የማይታወቅ ነው። ሲቀዘቅዝም እንደ እውነተኛ ብረት ችሎታው እየጨመረ ሄዶ 60 ኬልቪን አካባቢ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች በድንገት ወርዶ ጨዉ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ይሆናል።

በአላን ሂገርና በአንቶኒ ጋሪቶ የሚመራው የፔንሲልቬኒያ ቡድን ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አስታወቀ። ከለኳቸው ክሪስታሎች በጥቂቶቹ ላይ 60 ኬልቪን አካባቢ የታየው የማስተላለፍ ችሎታ ከሌሎቹ እጅግ በጣም የላቀ ስለነበር፣ ይህ ልዕለ አስተላላፊነት ሊጀምር ሲል የሚታይ ምልክት ነው ተባለ። በዚያን ጊዜ የልዕለ አስተላላፊነት ከፍተኛው መጠን 23 ኬልቪን ያህል ስለነበር ዜናው የዓለምን የፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ሁሉ አነቃነቀ። ብዙዎችም ክሪስታሉን እየሠሩ ለመለካት ተሯሯጡ።

ያንን ታላቅ ቁጥር ግን ሌሎች ሊያገኙት አልቻሉም። ምክንያቱን በ1974 ዉድልና ካዋን የሚገኙበት አንድ የተመራማሪዎች ቡድን አብራራው፤ ማብራሪያው ለመሐንዲስ የተለየ ትምህርት አለው። የአንድን ናሙና ተቃውሞ በትክክል ለመለካት አራት ሽቦ ማያያዝ የተለመደ ነው። በሁለቱ የዳር ሽቦዎች ፍሰት ይላካል፤ በሁለቱ የመካከል ሽቦዎች ቮልቴጅ ይለካል። መዳብን በመሰለ፣ ኤሌክትሪክ በሁሉም አቅጣጫ እኩል በሚሄድበት ቁስ፣ ይህ ዘዴ አያሳስትም። በዚህ ጨው ግን በቁልሉ አቅጣጫ የሚደረገው ጉዞ ወደ ጎን ከሚደረገው ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀልላል። ስለሆነም የዳሩ ሽቦ የክሪስታሉን አንድ ገጽ ብቻ የነካ እንደሆነ ፍሰቱ በዚያው ወገን ባሉት ረድፎች ላይ ተወስኖ ያልፋል። የመካከሉ ሽቦዎች ፍሰት ያልደረሰበትን ሌላውን ወገን የነኩ እንደሆነ ደግሞ የሚያሳዩት ቮልቴጅ ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ይሆናል። ፍሰት በሌለበት ቮልቴጅ የለም፤ መለኪያው ግን ይህን «ተቃውሞ የለም» ብሎ ያነበዋል። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ስለሚሰፋ ስሕተቱ ትልቅ የሚሆነው ልክ ብሥራቱ በተነገረበት የሙቀት መጠን ላይ ነው።

የፔንሲልቬኒያው ቡድን መሪ ሂገር በዚህ አልቆሙም። ፊታቸውን ወደ ሌሎች አስተላላፊ ቁሶች መልሰው ከአላን ማክዳርሚድና ከጃፓናዊው ሂዴኪ ሺራካዋ ጋር በ1977 ፖሊአሴቲሊን የተባለውን ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ማድረግ ቻሉ። ለዚህም ሥራ ሦስቱ በ2000 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ኤሌክትሮን በነጠላ ረድፍ

ከ60 ኬልቪን በታች ጨዉ ለምን የብረት ጠባዩን እንደሚያጣ የታወቀው በ1975 ነው። በኦርሴና በጃፓን የተደረጉት የራጅ ጨረር ምርመራዎች እንዳሳዩት ሞለኪውሎቹ በቁልሉ ላይ እኩል ተራርቀው አይቀሩም። በየተወሰነው ርቀት እየተቀራረቡና እየተራራቁ ሞገድ ይሠራሉ፤ የኤሌክትሮኖቹም ቻርጅ ያንኑ ተከትሎ በአንዱ ሥፍራ ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል። 54 ኬልቪን ሲደርስ ሞገዱ ጸንቶ ይቆምና ኤሌክትሮኖቹን ይይዛል። ፓይርልስ ከ20 ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የተነበዩት ነገር በክሪስታል ውስጥ ታየ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነበር። መለኪያውን ያሳሳተውና ኤሌክትሮኑን ያሰረው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም የረድፉ ብቸኝነት ነው። ሊትል ተስፋ የጣሉበት የነጠላ ሰንሰለት ቅርጽ ራሱ የልዕለ አስተላላፊነት ጠላት ሆኖ ተገኘ። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም እንደሚባለው፣ ረድፎቹ እርስ በርሳቸው ካልተቀራረቡ በቀር ተስፋ አልነበረም።

ኮፐንሃገንና ኦርሴ

ዴንማርካዊው ኬሚስት ክላውስ ቤክጎር በጆንስ ሆፕኪንስ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1974፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በቲ.ቲ.ኤፍ. ላይ የተመሠረተ አዲስ ሞለኪውል አስተዋውቀዋል። በአራቱ የድኝ አቶሞች ፋንታ አራት የሴሌኒየም አቶሞች ገብተውበታል፤ በዳርና በዳሩም አራት የሜቲል ቡድኖች ተጨምረውበታል። ስሙ ባጭሩ ቲ.ኤም.ቲ.ኤስ.ኤፍ. ይባላል። የሴሌኒየም አቶም ከድኝ አቶም ስለሚተልቅ የኤሌክትሮን ደመናው ወደ ጎንም ይዘረጋል፤ ከጎረቤት ቁልል ጋር የመገናኘት ዕድሉም ይጨምራል።

ቤክጎር ወደ ኮፐንሃገን ከተመለሱ በኋላ በኦርሴ ዩኒቨርሲቲ የጠጣር ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ከሚሠሩት ከዴኒስ ዤሮም ቡድን ጋር ተባበሩ። የኦርሴዎቹ ሞያ ናሙናን በከፍተኛ ግፊት ጨምቆ በዝቅተኛ ሙቀት መለካት ነበር። የግፊት ጥቅም ግልጽ ነው፤ የኬሚስትሪውን ቅመም ሳይለውጥ ቁልሎቹን ያቀራርባል። የቲ.ኤም.ቲ.ኤስ.ኤፍ.ን ሞለኪውል ከአንድ የቲ.ሲ.ኤን.ኪው. ዘመድ ጋር ያዋሐደው ጨው 10,000 በሚያህል የከባቢ አየር ግፊት ሲጨመቅ ሳይታሰር እስከ ዝቅተኛ ሙቀት ድረስ ብረት ሆኖ ቆየ። የተቀባዩ ቁልል ለዚህ ጠባይ አስፈላጊ አለመሆኑም ተገመተ።

ቀጣዩ እርምጃ ከዚህ ተከተለ። ተቀባዩን ኦርጋኒክ ሞለኪውል ትቶ በቦታው አንድ ፎስፎረስና ስድስት ፍሎሪን ያሉበትን ተራ አሉታዊ አዮን፣ ማለትም ሄክሳፍሎሮፎስፌትን ማስገባት ነው። በዚህ ጨው ሁለት የቲ.ኤም.ቲ.ኤስ.ኤፍ. ሞለኪውሎች ተባብረው ለአንድ አዮን አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣሉ። ክሪስታሉ የሚያድገው በኤሌክትሪክ ዘዴ ነው። ሞለኪውሉና አዮኑ በሟሟቸው ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሮዶች መካከል እጅግ አነስተኛ ፍሰት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይላካል፤ ጥቁር መርፌዎች በኤሌክትሮዱ ላይ ቀስ ብለው ያድጋሉ። አዝጋሚነቱ ለንጽሕናው ዋስትና ነው።

ይህ ጨው በተራ የከባቢ አየር ግፊት 12 ኬልቪን ላይ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ያቆማል። የሚያስረው ግን ፓይርልስ ያመለከቱት የሞለኪውሎች መቀራረብ አይደለም። የኤሌክትሮኖቹ ስፒን፣ ማለትም እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የያዘው ጥቃቅን መግነጢስ፣ አቅጣጫውን በሞገድ መልክ እያፈራረቀ ይቆማል። ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ ይህ የስፒን ሞገድ እየደከመ ይመጣና በመጨረሻ ይጠፋል። በዲሴምበር 1979 ዤሮም፣ ማዞ፣ ሪቦና ቤክጎር ያገኙት በዚሁ ሞገድ ፍጻሜ ላይ የተቀመጠውን ልዕለ አስተላላፊነት ነው። ውጤቱ በ1980 ታተመ።

በዚህ ጊዜ የ1973ቱ ትምህርት አልተረሳም። ተመራማሪዎቹ ተቃውሞው መጥፋቱን ብቻ አላዩም። በክሪስታሉ ላይ መግነጢሳዊ መስክ ሲደረግ ተቃውሞው እንደሚመለስም አሳዩ፤ ይህ ከልዕለ አስተላላፊ የሚጠበቅ ጠባይ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ያው ጨው መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ እንደሚያስወጣ አረጋገጡ። ይህ ሁለተኛው ምስክር በሽቦ አያያዝ ሊሳሳት የማይችል ነው፤ በሌላ አገር፣ በሌሎች እጅ መገኘቱም ጥርጣሬውን ሁሉ ዘጋ።

ከረድፍ ወደ ንጣፍ

በ1981 ሄክሳፍሎሮፎስፌቱ በፐርክሎሬት አዮን ተተክቶ የተሠራው ጨው ያለምንም ግፊት 1.2 ኬልቪን አካባቢ ልዕለ አስተላላፊ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። ይኸው ክሪስታል ቀስ ተብሎ ሲቀዘቅዝ ልዕለ አስተላላፊ ይሆናል፤ በጥድፊያ ሲቀዘቅዝ ግን የስፒን ሞገድ ያስረዋል። የፐርክሎሬት አዮኖች ከ24 ኬልቪን በታች በየፊናቸው አቅጣጫቸውን መርጠው በሥርዓት ለመቆም ጊዜ ይሻሉ፤ ጊዜ ካልተሰጣቸው እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ።

የጎረቤት ረድፎች አስፈላጊነት ከታወቀ በኋላ ኬሚስቶች ሞለኪውሉን ወደ ጎን ማስፋት ጀመሩ። ስምንት የድኝ አቶሞች ያሉት፣ ባጭሩ ኢ.ቲ. የሚባለው ሰጪ ሞለኪውል ጎረቤቶቹን በሁለት አቅጣጫ ስለሚነካ ኤሌክትሮኖቹ በረድፍ ፋንታ በንጣፍ ላይ ይጓዛሉ። በ1983 በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ የሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. ቤተ ሙከራ ከዚህ ሞለኪውል በግፊት 2 ኬልቪን ገደማ ልዕለ አስተላላፊ የሚሆን ጨው አገኘ። በ1984 በሶቪየት ኅብረት በቸርኖጎሎቭካ የያጉብስኪ ቡድን ከአዮዲን ጋር የተዋሐደውን ጨው ያለ ግፊት 1.5 ኬልቪን ገደማ አደረሰው፤ በማግሥቱ ዓመት በመጠነኛ ግፊት 8 ኬልቪን ያህል ሆነ። በ1988 በቶኪዮ የጉንሺ ሳይቶ ቡድን የመዳብና የታዮሳያኔት አዮን ያለበትን ጨው 10.4 ኬልቪን፣ በ1990 ደግሞ የአሜሪካው የአርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ብሮሚን ያለበትን ጨው 11.6 ኬልቪን አደረሱ። በዚህ በመጨረሻው ጨው ብሮሚኑ በክሎሪን ሲተካ ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መግነጢሳዊ አካል ይሆናል፤ 300 የከባቢ አየር ግፊት ሲደረግበት ግን 12.8 ኬልቪን ላይ ልዕለ አስተላላፊ ይሆናል። በ2003 በጃፓን ከ80,000 በላይ በሆነ የከባቢ አየር ግፊት አንድ የኢ.ቲ. ጨው 14.2 ኬልቪን ደርሷል።

እነዚህ ቁጥሮች እየተነጋገርን ካለነው ዘርፍ ውጪ ከተደረሰበት ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር በመዳብ ኦክሳይድ ሴራሚኮች ውስጥ 30 ኬልቪን ገደማ የሚጀምር ልዕለ አስተላላፊነት ማግኘታቸውን ካስታወቁ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት 92 ኬልቪን ተደርሷል። ነገር ግን ሴራሚኮቹም ልዕለ አስተላላፊ የሚሆኑት ከመግነጢሳዊ ሥርዓት አጠገብ ነው። ይህን ጉርብትና ኦርጋኒክ ጨዎቹ ከእነርሱ አስቀድመው፣ ያውም በግፊት ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር በሚቻልበት ንጹሕ ክሪስታል ውስጥ፣ አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሊቃውንት በእነዚህ ጨዎች ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምረው የአዮኖች መወዛወዝ ሳይሆን የስፒን መወዛወዝ ነው ብለው ይገምታሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ከታሪኩ የሚቀረው

ከኦርጋኒክ ልዕለ አስተላላፊዎች የተሠራ የኃይል ማስተላለፊያ ገመድ የለም። ክሪስታሎቹ ትንንሽና ተሰባሪ ናቸው፤ የሚፈልጉትም ቅዝቃዜ ውድ ነው። ጥቅማቸው የታየው በሌላ በኩል ነው። ኬሚስቱ አንድ አቶም በሌላ በመተካት፣ የፊዚክስ ሊቁ ደግሞ ግፊትን ጥቂት በጥቂት በመጨመር፣ ኤሌክትሮኖች መቼ እንደሚታሰሩ፣ መቼ እንደ ብረት እንደሚፈስሱ፣ መቼስ እንደሚጣመሩ ደረጃ በደረጃ ለመከታተል የቻሉት በእነርሱ ነው።

የሊትል መሠረታዊ አስተያየት፣ ማለትም አስታራቂው በቀለለ መጠን ጥምረቱ ይጠነክራል የሚለው፣ ባልታሰበ በኩል ፍሬ አፍርቷል። ከአቶሞች ሁሉ የሚቀለው ሃይድሮጅን ነው። በ2015 በጀርመን የድኝና የሃይድሮጅን ውሁድ ከ1,500,000 በላይ በሆነ የከባቢ አየር ግፊት ተጨምቆ 203 ኬልቪን ላይ ልዕለ አስተላላፊ ሆኗል፤ አጣማሪው ግን ኤሌክትሮን ሳይሆን የባርዲንና የባልደረቦቻቸው አዮን ነው።

በተራ የክፍል ሙቀትና በተራ ግፊት የሚሠራ ልዕለ አስተላላፊ ግን እስካሁን አልተገኘም። ተገኘ የሚለው ዜና በየጊዜው መሰማቱ አልቀረም። በ2020 እና በ2023 በታላቅ የሳይንስ መጽሔት የታተሙ ሁለት የክፍል ሙቀት ብሥራቶች በመጽሔቱ ተሰርዘዋል፤ ሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ውጤቱን ሊደግሙት አልቻሉም። ወደፊት እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ መሐንዲስ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ጥያቄዎች በ1973 እና በ1979 መካከል የተማሩት ናቸው፤ ሽቦዎቹ የት እንደተያያዙ፣ ፍሰቱ በክሪስታሉ ሁለንተና ማለፉ እንዴት እንደተረጋገጠ፣ መግነጢሳዊው መስክ መባረሩ መታየቱን፣ ደግሞም ናሙናው በሌላ ቤተ ሙከራ በሌሎች እጅ ተሠርቶ ያንኑ ቁጥር መስጠቱን።